አራት ጣት ወደ ቀኝ

አሳንሰሩ ሳንቲም ይበላል፤ ኪሴ ሳንቲም አልነበረም፤
ሰባት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ ጉልበቴ ይቅር አላለኝም።
ባቱሚ ይዘንባል። ባቱሚ መቼ አባርቶ ያውቃል፣
ከወደቡ እስከ ኮረብታው ሰማይ እንደ ጨርቅ ይጨመቃል።

ማቅቫላ በሩን ከፈተች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላ ጫማ።
«ስዕሉ ሸሽቷል ትላለች ልጄ፣ ኩታይሲ ሆና ስታማ።
እኔስ ምንም አላልኩ» አለች። ሳሎኑ ጨለማ፣ ጨለማ።

«ጠፍጣፋ» ይሉት የነበረ፣ ሲነኩት እንደ ምድጃ የሚፈጅ፣
ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ የደህና ዘመን ወዳጅ።
በግራው ጠርዝ አራት ጣት ጥቁር፣ የተነቀለ ጥርስ ቦታ፤
በቀኝ በኩል ዓለም ተቆርጣ፣ ከፍሬሙ ውጭ ወጥታ፦
ዜና አንባቢዋ ባንድ ጉትቻ፤
ካርታው ከተሞች አሉት፣ ሙቀት የለውም፤
በረኛው ይወረወራል፤ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም።

መጀመሪያ ቀላሉን መጠርጠር ነው።
ገመዱን ነቀልኩ፣ እፍ አልኩበት፣ ሰካሁ። ምንም።
ሪሲቨሩን አጥፍቼ አበራሁ። ምንም።
አራት ለሦስት አደረግሁት፣ አስራ ስድስት ለዘጠኝ፤
ፊቶች ከሱ፣ ፊቶች ወፈሩ፤ ጥቁሩ ግን ቁጭ ብሎ አየኝ።

ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ በላስቲክ ታስሯል።
«ሜኑ» የሚለው ቁልፍ ጽሑፉ ተልጦ ነጥቷል።
ይህን ልብ አልኩ። አሮጌ ቤት የሚያልቀው የድምፅ ቁልፍ ነው፤
ሜኑን እንዲህ ያዘወተረ፣ ቆይ፣ ማነው?

ገባሁ ወደ ሆዱ፤ ከቅንብር ወደ ስዕል፣ ከስዕል ወደ አቀማመጥ፤
«አግድም» የሚል መስመር አለ፣ ዜሮው መሃል የሚቀመጥ።
ዜሮ አልነበረም። ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት ወደ ቀኝ።
ማሽን ሲያብድ እንዲህ አይቆጥርም፤ ይህ የሰው እጅ ነው አልኩኝ።

ሃያ ሦስቴ ተጫንኩ።
ስዕሉ እንደ ሰከረ ሰው፣ ደገፍ አድርጌው ቤቱ ገባ፤
ጉትቻው መጣ፣ ግቡ መጣ፣ የካርታው ቁጥር ተራ ገባ፦
ባቱሚ፣ ስድስት።
«ስድስት?» አለች። «ስድስት ነው እንዴ?»
ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሼርማዲን ክሬን ነበር የሚነዳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ፣
ኮንቴይነር ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ጣት ሳያዛንፍ ሲደረድር።
አንድ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ፣ ዓለም በግራው በኩል ጠፋ፤
‹ዓይኑ ደህና ነው› አሉ ሐኪሞቹ፣ ‹ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የጠፋ።›
ከሳህኑ ግማሹን በልቶ፣ ‹ሌላውን የት አደረግሽ?› ይለኛል።
ወንበሩን አዞርን፤ አንገቱ ታመመ።
አንድ ሌሊት ያንን ሁሉ ስዕል፣ ልክ እንደ መርከብ ጭነት፣
አንድ፣ አንድ፣ እያለ ገፋው፣ ዓይኑ ወዳለበት መሬት።»

«በቀኝ የሚቆረጠውስ?»
«እኔ እነግረው ነበር።»
«እርስዎም እኮ አያዩትም።»
«አላይም። ፈጥሬ ነዋ!
‹ገባ!› እለዋለሁ፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ሲቀር፣ ‹ዳኛው ሻረው።›
ሙቀቱን ሲጠይቀኝ፣ ክረምቱን በሙሉ፣
ከአስራ ስምንት ዝቅ ብዬ አላውቅም።»

ዝም አልን። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል።
«መልሰው» አለች።

ስንት ዓመት ስጠግን፣ የጠገንኩትን አበላሽ ያለኝ የለም።
ተጫንኩ። ሃያ ሁለት ላይ እጄ ሰነፈ፤
ሙያ ነው፣ ያሳክካል።
አየችኝ። አንዷን ጨመርኩ።

ገንዘብ አልወሰድኩም፤ መንደሪን ሞላችልኝ በከረጢት።
«ለልጅዎ ምን ልበላት?»
«አርጅቷል፣ አይጠገንም በላት።»

በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር፣
ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።
ከውስጥ የዜናው ሙዚቃ፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ፦
«ባቱሚ፣» አለች፣ «ሃያ አንድ።»